የካንግዎኑ ሰው ሳንባ

ሱወን፣ ማርች 13 ቀን 2011

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኦም ጆምሱን፣

የበረዶው ወራት እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የመኝታ ቤቱ ወለል ማሞቂያ ጭሱን ወደ ውስጥ መመለሱን ተወ ወይ? እኔ የወንድምዎ ልጅ ጊልሱ በሁለት እጄ መሬት ነክቼ ከሩቅ እጅ እነሳለሁ። ጆሮዎ እንኳ ባይመለስ ደብዳቤ የሚያነበውን ዓይንዎን አያቶቻችን ይጠብቁልን። ስልክ ብደውል "ማነው? ምን አልክ?" ከማለት አያልፉም፤ ስለዚህ ይኸው በወረቀት መጥቻለሁ።

ሥራ ቀይሬአለሁ። አሁንም ፌራዮ ነኝ፤ ብረት አስራለሁ። የቀድሞውን ቦታ የለቀቅኩት በአንድ ሲጋራ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፎርማኑ ከላይ መወጣጫው ላይ ቆሞ፣ እኔ ከታች ሆኜ፣ እንደ አገራችን አንድ ሲጋራ ወረወርኩለት። ይቀልበዋል ብዬ ነው። አልቀለበም፤ አርማታ ውስጥ ወደቀ። "ለውሻ አጥንት መወርወርህ ነው?" አለኝ። "እናንተ የቻይና ኮርያዎች፣ ያንቢየኖች፣ ሰው መሆን መቼ ነው የምትማሩት?" አለኝ። ሽማግሌ ነው፤ ብረቴን ማሰር ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ ስሜ "ወርዋሪው" ሆነ። ማጨስ ከፈለግክ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ከብጤዎችህ ጋር አጭስ ተባልኩ። በፊት ከምሳ በኋላ አንድ ነበር የማጨሰው። ከዚያ በኋላ ግን በተሰደብኩ ቁጥር ሆነ፤ ስድቡ ደግሞ ብዙ ነበር።

በፌብሩዋሪ ደረቴን አሞኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ሀኪሙ ቱቦ ሰጥቶ ንፋ አለኝ። ነፋሁ። "የሰባ ዓመት ሰው ሳንባ ነው" አለ። ሃምሳ አልሞላሁም አልኩት። "ፎቅ የምትወጣ ሰው ነህ። ወይ ሲጋራውን ወይ ደረጃውን ምረጥ። በሚመጣው ዓመት እንዲሁ ሆነህ ከመጣህ ከኦክስጅን ጋር ነው የምትተኛው" ብሎ አሰናበተኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ቅጠል ትምባሆ እንዳይልኩልኝ እለምናለሁ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ በእርስዎ እጅ ያደገችው ልጄ ሄራን በኦክቶበር ትዳራለች፤ ያን ቀን ሳላለከልክ ከጎኗ መቆም እፈልጋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ ጊልሱ


ሁዋርዮንግ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2011

ለወንድሜ ልጅ ለጊልሱ፣

የምትበላው አይጥፋ፤ የምትወጣበት መሰላል አይናድ። እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ብቻ ነው የሞተው፤ ሌላው አካሌ ለቅሶ ተቀምጦለታል። ማሞቂያው አሁንም ወደ ውስጥ ያጨሳል፤ እኔና እሱ እንመሳሰላለን።

ሲጋራ ወረወርኩ ስትል ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ሳቄ ጠፋ። አባትህ ለመንደራችን ሊቀመንበር ሳይቀር ወርውሮ ነበር የሚሰጠው፤ ሰውየውም በአፉ ለመቅለብ ይዘል ነበር። ምን ይደረግ፤ አገሩ ሌላ፣ እጁ ሌላ።

ትምባሆ አትላኪ ላልከው፣ እሺ። የኔን ፒፓ ግን አደራህን እንዳትነካብኝ። እኔ የጀመርኩት ለወስፋት ነው። በሃያ ዓመቴ ሆዴን ሲቆርጠኝ ጭሱን ዋጪው አሉኝ፤ ዋጥኩት። ወስፋቱ ሞተ፤ ፒፓው ቀረ። በመንደራችን ያሉትን አሮጊቶች ሁሉ ብትጠይቅ ይህንኑ ነው የሚነግሩህ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሄራን የምታገባው ቾልጁ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ፀባየኛ ልጅ ነው፤ ሳይጮህ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ እኔ እስካሁን አንድም ቃል አልሰማሁትም። የሠርጉን ቀን ግን አስበኸዋል? ሙሽራው ተንበርክኮ ለአማቱ ሲጋራ ይለኩሳል። አባት ካልሳበ ልጄን ከልቤ አልሰጠሁህም ማለት ነው። ሀኪምህ ይህን ያውቃል? አንድ መላ ፈልግ፤ እኔም እፈልጋለሁ።

በአዲሱ ቦታ ሰዎቹ እንዴት ያዙህ? ይህን አልጻፍክም። እኔ ደግሞ አንተ ያልጻፍከውን ነው ደጋግሜ የማነበው።

አክስትህ ጆምሱን


ሱወን፣ ጁን 19 ቀን 2011

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዝናቡ ሳይገባ ይህ ወረቀት በጤናዎ ይድረስዎ። በርበሬው ተተከለ? ቆይቼ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

ሲጋራ ትቻለሁ። ከሜይ መግቢያ ጀምሮ አንድም በአፌ አልገባም። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ሳልቀመጥ እወጣለሁ።

ሰዎቹ እንዴት ያዙህ ብለዋል። እውነቱን ልጻፍልዎ። እዚህ ማንም ያንቢየን ብሎ አይጠራኝም፤ ስለማያውቁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፎርማኑ፣ ቻ ይባላል፣ ሳወራ ሰምቶ "የካንግዎን ሰው ነህ አይደል? አማቴ ከዚያ ነው፤ እንዳንተ ነው የሚያወራው" አለኝ። ካንግዎን እዚሁ ኮርያ ውስጥ ያለ ተራራማ አውራጃ ነው። አይደለሁም አላልኩም። ነኝም አላልኩም። መታወቂያዬ የሥራ ደላላው ጋ ነው ያለው፤ ፎርማኑ የሚያየው ብረት ሲታሰር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጋሼ ኦም" ሆንኩ። ጋሼ ኦም ቡና ይጠጡ፤ ጋሼ ኦም ጥላው ውስጥ አረፍ ይበሉ ይሉኛል። ቡናው በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ ጣፋጭ የከረጢት ቡና ነው፤ ግን ሰው ይዞልኝ ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ሲጋራ ያምረኝ የነበረው ትምባሆ ሳይ አልነበረም። "ና አንተ ቻይና" ስባል ነበር እጄ ወደ ኪሴ የሚሄደው። አሁን የሚጠራው የለም፤ እጄም አርፏል።

የእኛ አገር ሰዎችም እዚህ አሉ። የሚያጨሱት ከተቆለለው ብረት ጀርባ ነው። አንዱ ሙንሆ ይባላል፣ የጎረቤታችን ከተማ የሎንግጂንግ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቃሌን እንደሰማ ከየት እንደሆንኩ አውቋል። ሲያልፍ ግን እንዳያጋልጠኝ በሴኡል አነጋገር ሰላም ይለኛል፤ ይህ ለምን እንደሚከብደኝ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ሠራተኛ "ያንቢየን፣ መጥረቢያህን የት ደበቅከው? በፊልም አይተንሃል እኮ" አለው። በእነሱ ፊልም መጥረቢያ ይዞ የሚገድለው የእኛ ሰው ነው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ለሄራን ይንገሩልኝ፤ ለሠርጉ ጫማ ልትገዛ ስትመጣ ቤት ትጠብቀኝ። ወደ ሥራ ቦታው አትምጣ፤ አቧራ ነው።

ጊልሱ


ሁዋርዮንግ፣ ጁላይ 8 ቀን 2011

ለክቡር የካንግዎን ሰው፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህ ደብዳቤ ጊልሱ ለሚባል የወንድሜ ልጅ ነበር የተጻፈው። አድራሻው ስለጠፋብኝ ለእርስዎ ልኬዋለሁ። በመንገድ ካገኙት፣ አክስትህ ሰላም ብላሃለች ይበሉልኝ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። አነጠፉልህ እንዴ? ያውም ከነቡናው! ወይ ጉድ።

ቀልዱን ልተወው። ሲጋራውን በመተውህ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው። አባትህ በመጨረሻው ወር ትንፋሽ ሲለምን አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስድስተኛ ፎቅ ወጣሁ ስትል ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ፤ እንዴት እንደተውከው ግን አላወራሁም። ሳንባህ ድኗል፤ አፍህስ? ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ስንቁ ሲያልቅ ሰው ይራባል፤ ሌላው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አንተ ትነግረኛለህ።

በሙንሆ ላይ ሳቅኩ ብለሃል። ባትጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ከጻፍከው ግን ጥሩ ነው፤ ገና አልጠፋህም ማለት ነው።

ሄራን በኦገስት ትመጣለች። ያልከውን ነገርኳት። "አባቴን አቧራ ማስፈራራት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?" ብላ ጻፈች። በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ።

ጆምሱን


ሁዋርዮንግ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2011

ለጊልሱ፣

በጤናህ ነህ ወይ? ደብዳቤ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ተራው ያንተ ነበር፤ ቢሆንም ሽማግሌ ተራ አይጠብቅም።

ሄራን ተመልሳለች። ጫማው ቀይ ነው፤ ያምራል፤ ተረከዙ ግን ለእኔ ቢሆን ሁለት እግሬን ይሰብርብኛል። "አባትሽን አገኘሽው?" አልኳት። እንደምታውቀው ለእኔ የምትመልሰው በመጻፍ ነው። "አላየኝም" ብላ ጻፈች። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ይሆናል አልኳት። "ዝናብ ነበር" ብላ ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ የሽንኩርት ልጣጭ አነሳችበት። በነጋታው ለሠርጉ በአባት ወንበር ላይ የእናቷ ወንድም ይቀመጥ አለች።

ምን እንደሆነ አልጠይቅህም። ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርህ እንጂ። ለወስፋት ነው ያልኩህን ተወው፤ ወስፋት አልነበረኝም። በሃያ ዓመቴ ከተማ ወርጄ ወረቀት ፋብሪካ ስገባ በክፍሌ ውስጥ ኮርያዊት እኔ ብቻ ነበርኩ። "የኮርያ ዱላ" ነበር የሚሉኝ። ምሳዬን ስከፍት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ማሽኑ ሲበላሽ ዱላዋ ናት ያበላሸችው ይሉ ነበር። ቦይለር የምታነድ አንዲት የሃን ዘር ቻይናዊት ሴትዮ ነበረች፣ አፏ እንደ መጋዝ የሆነ። አንድ ቀን ስታየኝ "ነይ እዚህ ቁጭ በይ፣ እነዚህ ደደቦች" አለችና ፒፓዋን አፌ ላይ አደረገችልኝ። ከዚያ ወዲያ በተሰደብኩ ቁጥር ወደ ቦይለሩ እሮጥ ነበር። ወደ መንደር ስመለስ እናቴ ሸተተችኝና ምንድነው አለችኝ። ወስፋት አልኳት። ተሰደብኩ ብሎ ለእናቱ የሚናገር ማን አለ? ከዚያ ወዲህ ይኸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወስፋታም ሆኜ ኖርኩ። እነዚያ አሮጊቶች ሁሉ ወስፋት ነበረባቸው ወይ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

ይህን የጻፍኩት እንድታዝንልኝ አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ በአንድ ቃል መልስልኝ። ታጨሳለህ?

ጆምሱን


ሱወን፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 2011

ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናዎን እንደያዙ ይህ ይድረስዎ።

አዎ።

ዝናብ መሆኑ እውነት ነው። ሥራ ቆሞ እኔና የቻ ሰዎች በሩ አጠገብ ተጠልለን ነበር። ሄራን ዣንጥላ ይዛ መጣች። ቤት ጠብቂ ብዬ ቁልፍ ትቼላት ነበር፤ ምሳ ሠርታልኝ ኖሯል። ከበሩ ማዶ ሆና "አባዬ!" አለች፤ በእኛ አነጋገር፤ እዚህ አገር ማንም እንደዚያ አይልም። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ቻ "ይቺን ቻይናዊት የሚያውቃት አለ?" አለ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም "መንገድ ጠፍቷት ይሆናል" አልኩ።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ሙንሆ ከብረቱ ጀርባ ወጥቶ ሄደና "ነይ ልጄ፣ አውቶቡስ ፌርማታው በዚህ ነው" ብሎ ይዟት ሄደ። ልጄ ብሎ የጠራት እሱ ነው። ምሳ ዕቃውን ለሙንሆ ሰጥታው ነበር፤ አምጥቶ ባርኔጣዬ አጠገብ አስቀመጠው።

ከሥራ ስወጣ ሲጋራ ገዛሁ። እስከ ቤት አልጠበቅኩም። ቤት ስደርስ ሄራን ሻንጣዋን ይዛ ሄዳለች። አሁን ከመጀመሪያውም ይብሳል፤ የሚሰድበኝ ሰው ሳይኖር ነው የማጨሰው። አራተኛ ፎቅ ላይ እቀመጣለሁ። ጋሼ ኦም ደከሙ እያሉ ቡና ያመጡልኛል፤ ቡናው አይወርድልኝም።

ለሄራን የምልከው ቃል አጣሁ። እርስዎ ይጠይቁልኝ፤ ለሠርጓ መምጣት እችላለሁ ወይ? ወንበሩ ይቅርብኝ፤ ከኋላ እቆማለሁ።

ጊልሱ


ሁዋርዮንግ፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2011

ለጊልሱ፣

ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ነው፤ ሰላምታውን በአፍ ታገኛለህ።

ደብዳቤህን ሰጠኋት። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ጻፈች፣ ቃሏ ይኸውልህ፦ "ይምጣ። አባቴ ይምጣ፤ ጋሼ ኦምን እዚያው ይተወው። ለፎርማኑ ልጄን ልድር ነው የምሄደው ብሎት ይምጣ። ካላለው አይምጣ።"

አለቀ። ሠርጉ ኦክቶበር 22 ነው። ወፍራም ካፖርት ያዝ።

ጆምሱን


ሱወን፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2011

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከድግሱ ድካም በኋላ ወገብዎ እንዴት ሆነ? እኔ በሰላም ገብቻለሁ። ሙሽሮቹ ደህና ናቸው ወይ? ቾልጁ ሊለኩስልኝ ሲንበረከክ ሄራን ሲጋራውን ከእጁ ነጥቃ ጆሮዬ ላይ ሻጥ ስታደርግልኝ እርስዎም እንደ ልጅ ስቀዋል። "ለበኋላ ነው፤ አባቴ ቆጣቢ ነው" ስትል አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር በደንብ ተንፍሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ተነፈስኩ።

ከመሄዴ በፊት ለቻ የነገርኩትን እዚያ ሳለሁ አላጫወትኩዎትም፤ ደስታውን ላለማበላሸት ነው። "ፈቃድ ስጠኝ፤ ልጄን ልድር ያንጂ እሄዳለሁ" አልኩት። "ያንጂ? ቻይና?" አለ። "አዎ። በዝናቡ ቀን በሩ ላይ የመጣችው እሷ ናት" አልኩት። "ስለ አማቴ አገር ስጠይቅህ ኖሬአለሁ። ስለ ተራራው፣ ስለ በቆሎው። ምን ብለህ ትመልስልኝ ነበር?" አለ። "ስለ እኛ ተራራ ነበር የማወራልህ" አልኩት። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ስመለስ ጋሼ ኦም የሚል ጠፋ። ባርኔጣዬ ላይ ስሜ ተልጦ "ያንቢየን" ተብሎ ተጽፎበታል። ጥላ ወዳለበት ስሄድ አንዱ "የናንተ ቦታ ወዲያ ነው" ብሎ በአገጩ አሳየኝ። እኔም ሄድኩ። ከብረቱ ጀርባ አምስት ሆነው ተቀምጠዋል። ሙንሆ ፓኮውን አውጥቶ አንዷን ሲጋራ ከፍ አድርጎ ዘረጋልኝ።

ይህን እምቢ ማለት ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። እምቢ ብል አሁንም ከካንግዎን ነኝ ማለት ነው። ጆሮዬ ላይ ልሻጠው ብል እዚያ የሄራን እጅ የለም። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አጨስኩ። ደረቴ ተቀደደ፤ እንባዬ እስኪመጣ አሳለኝ። ሙንሆ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ "እንኳን መጣህ" አለኝ፤ በእኛ አነጋገር። ከዚያ ወዲህ በየእረፍቱ ነው። ሁሉም በየተራ ያወጣሉ፤ የኔም ተራ ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው አክስቴ። ውሸታም ሳለሁ ሳንባዬ ድኖ ነበር። አሁን ሰው ሆኛለሁ፤ ትንፋሽ የለኝም። ሀኪሙ በፌብሩዋሪ ይጠብቀኛል። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ትምባሆ አይላኩ ያልኩትን ይርሱት። ካለዎት ቅጠሉን ይላኩልኝ፤ እዚህ ያለው ያቃጥላል፤ ለእነ ሙንሆም አካፍላቸዋለሁ።

ጊልሱ


ሁዋርዮንግ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 2011

ለወንድሜ ልጅ ለጊልሱ፣

ብርዱ አይድፈርህ፤ ትንፋሽህ አይጠር። ትምባሆ ላኪ? ኧረ ምን ሲደረግ! የወንድሜን ሬሳ ያጠበች እጅ የልጁን ትምባሆ አትጠቀልልም።

በጥቅሉ ውስጥ ያለው ሱፍ ነው። ራሴ ቆላሁት፤ ጨው አብዝቼበታለሁ። ዓይንህን አታፍጥጥ፣ አንብብ። ኮርያ ስትኖር አገርህን ረስተሃል። በእኛ ዘንድ ቀድሞ የዘረጋ ጋባዥ ነው። ጋባዥን ደግሞ "እንካ" የሚለው የለም፤ ነውር ነው። እነሱ ኪሳቸው ሳይገቡ አንተ ቀድመህ ዘርጋ። በእፍኝ በእፍኝ አድላቸው። አፉ ሱፍ የሚፈለቅቅ ሰው ሲጋራውን የት ሊያደርገው ነው? ጆሮው ውስጥ?

ይስቁብህ ይሆናል። ይሳቁ። አንተን ያጠፋህ ሰው እንዳይስቅብህ መፍራትህ ነው።

እኔም ልተው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ላንተ ብዬ። ሁለት ቀን ሙሉ ከድመቷ ጋር ተጣላሁ፤ በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ጠይቄያት ፒፓዬን ለኮስኩ። እኔን ተወኝ፤ የእኔ አንድ እግሬ መቃብር ውስጥ ነው።

ሄራን በየሳምንቱ ትመጣለች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ "አባቴ ትንፋሹ እንዴት ነው?" ብላ ትጽፋለች። እስከ ዛሬ ደህና ነው እያልኩ ስዋሽላት ቆየሁ። ዳግመኛ እንድዋሽ አታድርገኝ።

አክስትህ ጆምሱን


ሱወን፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2012

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኦም ጆምሱን፣

አዲሱ ዓመት ዕድሜ ይጨምርልዎ። ድመቷም ሰላም ትሁን።

ሱፉ ደርሶኛል። አንድ ሳምንት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፤ ላወጣው አፈርኩ። ማክሰኞ ዕለት በረዶ ጥሎ ነበር። ለእረፍት ከብረቱ ጀርባ እንደተቀመጥን የሙንሆ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሲሄድ አየሁና ከረጢቱን ከፈትኩ። "ዛሬ እኔ ነኝ" አልኩ።

ሳቁብኝ። "እንደ ባቡር ጣቢያ አሮጊት!" አለ አንዱ። "ሻጭ ሆነህ ነው? በስንት ነው ስኒው?" አለ ሌላው። እጃቸውን ግን ዘረጉ። ሙንሆ ትንሽ ከፈለቀቀ በኋላ "የማን ቆሎ ነው?" አለ። "የአክስቴ ነው።" "ጨው በዝቶበታል።" "ታዲያ እጅህ ከረጢቱ ውስጥ ምን ይሠራል?" "ጨውን እየቀነስኩላት ነው" አለ። ከዚያ ወሬው ስለ አክስቶች ሆነ። ሁሉም አንዳንድ አላቸው፤ አንደኛው ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፣ ቅርፊት ነው ጉሮሮውን የያዘው።

ቻ መጣ። ቆሞ መሬቱን አየ። በረዶው ላይ ቅርፊት ተበትኗል። "ይህ ቻይና መሰላችሁ?" አለ። "ልቀሙ። አንዷን እንዳላይ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "በተለይ አንተ" አለኝ።

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ አክስቴ፤ ባዶ ነው። የሙንሆ ፓኮ በደረት ኪሱ ላይ ጎልቶ ይታየኛል። በዚያች ሰዓት ቢዘረጋልኝ እወስድ ነበር፤ አልዋሽዎትም፤ አፌ ውኃ ሞላ። ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ። ሙንሆ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ኪሱ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። ባርኔጣውን አውልቆ ከአጠገቤ ተንበረከከና እየለቀመ ባርኔጣው ውስጥ ይጨምር ጀመር። ቀጥሎ አሮጊት ያለኝ ወረደ። ከዚያ ሁሉም ወረዱ። ቻ "እሱ ይበቃል፤ እናንተ ተነሡ" አለ። ማንም ቀና አላለም። እሱም ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ቅርፊቱ በረዶው ውስጥ ገብቶ ስለነበር ጊዜ ወሰደብን። አንዷንም አልተውንም። ስንጨርስ የእረፍቱ ሰዓት አልቆ ነበር፤ ማናችንም ሳናጨስ ወደ ሥራ ገባን።

ለሄራን ይህንን ይንገሯት፤ የነገውን አላውቅም፤ የማክሰኞው ግን እውነት ነው ይበሏት። ሙንሆ ትናንት ደግሞ አገኘኝና "አክስትህ ሱፍ ከመቁላት ሌላ ሥራ አላት እንዴ?" አለኝ። ሱፉ አልቋል። ጨው ሳይቀንሱ፣ ለስድስት ሰው የሚሆን ይላኩልን።

ጊልሱ